ሁለት እፍኝ ተኩል ኮሶ

ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር ጤናውን በአንድ ቀን ሊያቃና የሚነሣ ሰው ሲያዩ፣ ሽማግሌዎች የሚሏት አንዲት አጭር ቃል አለች። ቃሏን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ መነሻዋን ከሦስት ሰዎች ሰምቻለሁ። ሦስቱም በነገሩ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት አጥቢያ ባሻ እንዳላማው የሚባል ሰው ነበረ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። የሁለት ሰው ይበላል፤ ጉንጩ ግን የጎደጎደ ነው። ጥሬ ሥጋ ይወዳል። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም፤ በአገሩ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል፣ ሆዱ ውስጥ ያደረውን ትል ያወጣል፣ እንደገና ይበላል። የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ ይበቃዋል። ምሬቱን በሌላ ነገር መስሎ መናገር አይቻልም፤ ሰው ሌላውን ምሬት ነው በኮሶ የሚመስለው። ከተጠጣ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ለማንም አይመችም። ስለዚህ ኮሶ የጠጣ ሰው በዕለቱ እንግዳ አይቀበልም፣ ለደቦ አይወጣም፣ ዳኛም አይጠራውም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ጠያቂው ከደጅ ይመለሳል።

ባሻ እንዳላማው ከዚህ ሥርዓት የወደደው የመጨረሻውን ክፍል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ኮሶ ጠጣሁ ብሏል። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር የታጠረ ዕለት ነው። አንዱ አማቱ የመጡ ዕለት ነው። ሁለቱ ከአጎቱ ልጅ ከፈንታ ጋር የሚከራከርበት የመሬት ነገር የተቀጠረባቸው ቀኖች ናቸው፤ ገና አልተዘጋጀሁም ብሎ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ራሱም አያስታውሳቸውም። በስድስቱም ቀን የጠጣው ጠላ ነው።

ሚስቱ የሻረግ ይህን ታውቃለች።

«ባሻ፣ አንድ ቀን እንኳ እውነት ያድርጉት» ትለዋለች።

«በሚቀጥለው።»

«የሚቀጥለው ስድስት ሆነ።»

«ሆዴ ሰላም ነው። ሰላም ያለን ነገር መቀስቀስ ምን ይሉታል?»

«ሰላም ከሆነ ሲያድር የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«እሱማ ያወራል እንጂ አይጣላም።»

ከባሻ ቤት በላይ አያ ስንሻው ይኖራል። ዕድሜው ከሰማንያ ትንሽ ቢያንስ ነው። ኮሶውን በየሁለት ወሩ፣ ቀኑ ሲደርስ ይጠጣል። ሲነጋ እስከ ምንጩ ወርዶ ይመለሳል። ሳይታጠብ ገበታ አይቀርብም። ሆዱ «ጥቂት ቢጨመር» ሲለው ይነሣል፤ ከተነሣም በኋላ ደጁን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ዝናብም ቢሆን ይዞራል፣ ለቅሶ ቤት ቢሆን የለቅሶ ቤቱን ደጅ ይዞራል። ሰፈሩ ይስቅበታል። «አያ ስንሻው ለሞትም ቀን ቆርጦለታል፤ ማክሰኞ ቢመጣበት ሐሙስ ተመለስ ይለዋል» ይላሉ። ሲሰማ አይቆጣም። ደጁን እየዞረ ከሆነ ዙሩን ይጨርሳል።

እንግዲህ በአንድ የማክሰኞ ገበያ ወሬ ወጣ። ከወንዙ ማዶ በሽታ ገባ ተባለ። ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ አለመታወቁ ግን ወሬውን አላዘገየውም። አንዱ ሆድ የሚይዝ ነው አለ። ሌላው ራስ ነው አለ። አንዲት ጨው ሻጭ የሚጀምረው ከጆሮ ነው አለች፤ ከማን እንደሰማች ስትጠየቅ ግን ሚዛኗን ማስተካከል ጀመረች። በሁሉም አፍ ሳይለወጥ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ በሽታው አስቀድሞ የሚይዘው ሆዱ ያልጸዳውን ሰው ነው። የወንዙ መሻገሪያም በቅርብ ቀን ይዘጋል ተባለ። ገበያው ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ለጤናው ተነሣ። ፌጦ ያለው ፌጦ በጠበጠ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለው ነጭ ሽንኩርት ላጠ። ዳማከሴ ከየአጥሩ ጥግ ተነቅሎ አለቀ። ከጥምቀት ወዲህ ውሃ ያልነካቸው እግሮች ታጠቡ። ሁለት ወንድማማቾች በማለዳ ሮጠው ተራራ ወጡ፤ አንደኛው በቃሬዛ ወረደ። ይህ ሁሉ የሆነው ከማክሰኞ ቀትር እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ ነው።

ባሻ ለመፍራት ከሌላው የበለጠ ምክንያት ነበረው። ከፈንታ ጋር የሚከራከርበት መሬት ከምንጩ ግርጌ ያለ አንድ ጥማድ ነው፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ ገብስ የሚሰጥ። የባሻ አባት ሲያርሰው ኖሯል። አባትየው ሲሞት ፈንታ በሬዎቹን አስገባበት፤ ሦስት ዓመት አረሰው። ክፉ ጊዜ ከመጣ የባሻ ቤት የሚተርፈው በዚያ ጥማድ ነው። ቀጠሮው ለቅዳሜ ነበር። ድንበሩ ሲተከል በዓይኑ ያየ፣ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አያ ስንሻው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባሻ ወደ አያ ስንሻው ወጣ። ሽማግሌው ደጁን እየዞረ ነበር፤ ባሻ አብሮት ዞረ።

«አያ ስንሻው፣ በሽታ መጣ አሉ። ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ነገ ሐሙስ ነው» አለ አያ ስንሻው። «ሐሙስ የማደርገውን አደርጋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዓርብ ነው።»

«የተለየ ነገር አይወስዱም?»

«በሽታው አዲስ ነው እንጂ እኔ ያው ነኝ።»

ባሻ ሽማግሌው ምስጢር ደበቀኝ ብሎ ተመለሰ። ቤቱ ገብቶ አሰበ። ቅዳሜ ችሎት አለ። ችሎት ላይ ሰው ይበዛል። ሰው ከበዛ በሽታው አይጠፋም። በሽታው የሚይዘው ያልጸዳ ሆድ ነው፤ የእሱ ሆድ ደግሞ ስድስት ኮሶ ቀርቶበታል። ስለዚህ ሐሙስ ስድስቱን ጠጥቶ፣ ዓርብ አርፎ፣ ቅዳሜ እንደ አዲስ ሰው ከዳኛው ፊት ይቆማል። ስሌቱ ላይ ስሕተት አልነበረም። ሆዱ ግን ስሌት አያውቅም።

«ስድስት እፍኝ ኮሶ ውቀጪልኝ» አላት የሻረግን።

«ለስንት ሰው?»

«ለእኔ።»

የሻረግ ሙቀጫውን መልሳ አስቀመጠችው። «ባሻ፣ ኮሶ ደቦ አይደለም፤ የቀረውን አጠራቅመው አይክሱትም። ያለፈው አልፏል። ነገ አንዱን ይጠጡ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛውን ይጠጣሉ።»

«ከሁለት ወር በኋላ ማን ይኖራል? ወሬውን አልሰማሽም?»

«ስድስቱን ከጠጡማ እስከ ቅዳሜም አይኖሩም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓመት ሙሉ ጠጣ ጠጣ ስትዪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ልጠጣ ስል ትከለክይኛለሽ?»

ክርክሩን የፈታው ጓዳው ነው። በቤቱ የነበረው ኮሶ ተወቅጦ ሲሰፈር ሁለት እፍኝ ተኩል ሆነ። ከጎረቤት ለመበደር ተሞከረ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ኮሶ የሚያበድር ሰው አልነበረም። የባሻን ነፍስ ያተረፈው ይህ እንደሆነ የሻረግ እስከ ዕለተ ሞቷ ትናገር ነበር።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ባሻ ሁለቱን እፍኝ ተኩል በሦስት ዋንጫ ጠጣ። ከሦስተኛው በኋላ የሻረግ «እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ባዶውን ዋንጫ መልሶ ሰጣት።

«መራራ ነው» አለ።

ፀሐይ የቤቱን ክዳን ሳትነካ ሦስት ጊዜ ወደ ጓሮ ሄደ። ጠል ሲረግፍ መቁጠሩን ተወ። በዚህ መካከል ጭቃ ሹም ዋለልኝ፣ የአጥቢያው ሹም፣ በደጅ ቆሞ ተጣራ።

«ባሻን ጥሪልኝ፣ እመት የሻረግ። ዳኛው መጥተዋል።»

«ቀጠሮው ቅዳሜ ነው።»

«መሻገሪያው ነገ ይዘጋል። ዛሬውኑ ተሰይመው በቀትር ይነሣሉ። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመለሱ እሳቸውም አያውቁም። ያልቀረበ ይረታል ብለዋል።»

«ባሻ ኮሶ ጠጥተዋል።»

ጭቃ ሹሙ ፈገግ አላለም። «እንዲህ እንደምትይ ነግረውኛል፤ መልሱንም አስይዘው ነው የላኩኝ። ‹በዚሁ ክርክር ሁለት ጊዜ ኮሶ ጠጥቶ ቀርቷል፤ አንድ ሰው ስንት ትል አለው?› ብለዋል።»

«የዛሬው እውነት ነው።»

«የዚያን ጊዜውስ ምን ነበር?»

ከጓሮው ቁጥቋጦ ውስጥ የባሻ ድምፅ መጣ።

«እመጣለሁ በላቸው።»

ከባሻ ቤት እስከ ችሎቱ ሾላ ድረስ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ስምንት መቶ እርምጃ ይሆናል። አያ ስንሻው ምስክር ስለሆነ እሱም ተጠርቷል፤ ቀደም ብሎ ተነሥቶ በትሩን ይዞ በወትሮ እርምጃው ይወርዳል። ባሻ ሮጦ ደረሰበትና አለፈው። መቶ እርምጃ ሳይርቅ ከመንገዱ ወጥቶ ክትክታ ውስጥ ገባ። አያ ስንሻው አለፈው። ባሻ ሱሪውን በአንድ እጁ፣ መታጠቂያውን በሌላ እጁ ይዞ ከክትክታው ወጣ። መታጠቂያው ስምንት ክንድ የሚሆን ሸማ ነው። እንዲህ ያለውን መታጠቂያ ሰው ቆሞ፣ ወገቡን ደጋግሞ ጠምጥሞ፣ ጫፉን አጥብቆ ሸጉጦ ይታጠቀዋል። ባሻ እየሮጠ ጠመጠመው።

«ቁምና ታጠቅ» አለው አያ ስንሻው፣ ባሻ ሲያልፈው።

«ጊዜ የለኝም።»

«ከዚህ እስከዚያ ግራር የሚያስኬድ ጊዜ አይፈጅም።»

«ዳኛው ሊነሡ ነው።»

«አሁን ነው የተቀመጡት።»

ባሻ ይህን አልሰማም፤ ርቆ ነበር። ከግራሩ አለፍ ብሎ እንደገና ከመንገድ ወጣ። አያ ስንሻው እንደገና አለፈው። ባሻ እንደገና እየሮጠ፣ እየጠመጠመ መጣ።

«እንዳላማው፣ ቁምና ታጠቅ።»

«እደርሳለሁ፣ አያ ስንሻው። እደርሳለሁ።»

በሦስተኛው ጊዜ አያ ስንሻው እርምጃውን ብቻ ቀጠለ። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መናገር ልማዱ አልነበረም።

የነገሩኝ ሦስቱ ሰዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ባሻ ከመንገድ የወጣው ሦስት ጊዜ ነው ይላሉ፤ አንደኛው አራት ይላል። ባሻ ሽማግሌውን አራት ጊዜ ቀድሞ፣ ሦስት ጊዜ ተቀድሞ፣ በመጨረሻ ከሾላው ሥር ፊተኛ ሆኖ እንደደረሰ ግን ሁሉም ይመሰክራሉ። ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነው እላለሁ።

ተከራካሪ ስለማይቀመጥ ባሻ ቆሞ ጠበቀ። ፈንታ ከሳሽም ተከሳሽም የማይመስል፣ ተመቻችቶ የቆመ ሰው ነበር። ዳኛው በመጀመሪያ ባሻን አየ።

«ዛሬ ኮሶ አልጠጣህም?»

«ጠጥቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«መልካም። ተናገር።»

ባሻ በችሎት ረጅም ንግግር የሚወድ ሰው ነበር፤ ከአያቱ ጀምሮ፣ በምሳሌ አዋዝቶ፣ ሸማውን እያጣፋ። በዚያ ቀን ግን «መሬቱ የአባቴ ነው፤ ምስክሬ አያ ስንሻው ነው» ብሎ አበቃ። ዳኛው ተገረመ። በዓመቱ ከሰማው ክርክር ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። ፈንታ ተናገረ፣ እሱም አልረዘመም። አያ ስንሻው ተጠራ።

«ድንበሩን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ይንገሩን።»

«ከመጀመሪያው ልጀምር?»

«ከመጨረሻው ቢጀምሩ» አለ ባሻ በቀስታ።

«ምስክር አይታዘዝም» አለ ዳኛው። «ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

አያ ስንሻው በትሩን መሬት ላይ አቆመ። «ድንጋዮቹ ሰባት ናቸው። አንደኛው ከምንጩ በላይ ነው። ጥቁር ነው፤ አናቱ ላይ ተሰንጥቋል። የተከሉት የእንዳላማው አባትና የፈንታ አባት ናቸው፤ ድንጋዩን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከእሱ እስከ ሁለተኛው አርባ ሁለት እርምጃ ነው። የዛሬ እርምጃዬን አይደለም የምለው፤ የያኔውን ነው። የዛሬው ሃምሳ ሦስት ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ቀላ ያለ ነው።»

በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ፈንታ አቀረቀረ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል፤ ሰባተኛው ድንጋይ ከተጠራ መሬቱ የባሻ ነው። ባሻም ይህን ያውቃል። ከባሻ የሚፈለገው ሰባት ድንጋይ እስኪቆጠር መቆም ብቻ ነበር። በአራተኛው ላይ ፊቱ አመድ መሰለ። በአምስተኛው ላይ ጉልበቱን ከጉልበቱ ጋር አጣበቀ። አያ ስንሻው የአምስተኛውን ድንጋይ መልክ፣ ከሥሩ የበቀለውን እሬትና እሬቱን ማን እንደተከለው ተናገረ።

«ስድስተኛው» አለ፤ ትንፋሽም ወሰደ።

ባሻ ሮጠ። በሦስተኛው እርምጃ ላይ መታጠቂያው ተፈታ። በአራተኛው ከእግሮቹ ጋር ተጠመጠመ። በአምስተኛው ባሻ ከዳኛው ወንበር ሁለት ክንድ ርቆ በግንባሩ ተደፋ፤ ሱሪው አብሮት አልሄደም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በቦታው የነበረ ሁሉ አይቶታል፤ ቢነገርም ለመሬቱ ክርክር የሚጨምረው የለም።

«ሆድ የሚይዘው ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ሕዝቡ ለመሸሽ ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። ሾላው ሥር የቀሩት ዳኛው፣ ጭቃ ሹሙ፣ ፈንታ፣ አያ ስንሻውና መሬት ላይ ያለው ባሻ ብቻ ነበሩ። ዳኛው በነጠላው አፍንጫውን ሸፈነ። የሻረግ ባሏን ተከትላ ስትወርድ ነበርና ይህኔ ደርሳ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው።

«በሽታ አይደለም፣ ጌታዬ» አለች። «ሁለት እፍኝ ተኩል ነው።»

ፈንታ ወደፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ ምስክር እየተናገረ ችሎት ረግጦ ሄዷል። ይረታልኝ።»

ሕጉ ፈንታ እንዳለው ነው። ችሎት የረገጠው በንቀት ከሆነ ክርክሩን ለዘለዓለም ያጣል፤ በንቀት ካልሆነ ግን ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ እስከዚያው መሬቱ በያዘው ሰው እጅ ይቆያል። ዳኛው በዚያ ቀን የሰጠው ቀጠሮ ነው። መሻገሪያው የተከፈተው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ፤ ገብስ የሰጠው ያ ጥማድ ብቻ ነው፤ ያጨደውም ፈንታ ነው። የባሻ ቤት ከፈንታ እየለመነ በላ። ፈንታ አልከለከለም፤ እንደሰጠም በየለቅሶ ቤቱ ይናገር ነበር። ዳኛው ሲመለስ አያ ስንሻው እንደገና ከአንደኛው ድንጋይ ጀምሮ ቆጠረ፤ በሰባተኛው መሬቱ ለባሻ ተመለሰ። በአሥራ አራቱ ወር ውስጥ ባሻ ሰባት ጊዜ ኮሶ ጠጥቷል፤ በየሁለት ወሩ፣ አንድ አንድ እፍኝ፤ ሰፋሪዋ የሻረግ ናት። በሽታውን በተመለከተ፣ ወንዙን አልተሻገረም የሚሉ አሉ፤ ተሻግሮ በጉንፋን ስም አልፏል የሚሉም አሉ።

መሬቱ ለዘለዓለም ያልጠፋው ግን በአንድ ምስክር ቃል ነው። በዚያ ሐሙስ ዳኛው ከሾላው ሥር ከመነሣቱ በፊት ወደ አያ ስንሻው ዞረ።

«መንገድ ላይ አይተውታል። ይህ ሰው ችሎቱን ንቆ ነው?»

«አልናቀም። ከእኔ ቀድሞ ነው የደረሰው።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የኮሶው ነው?»

«ኮሶማ እኔም ሰኞ ጠጥቻለሁ፣ ጌታዬ። ይኸው ቆሜአለሁ።»

«የበሽታው ወሬ ነው?»

«ወሬውንም እኩል ነው የሰማነው።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

አያ ስንሻው መሬት ላይ የተዘረጋውን ሸማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። «ዓመት ሙሉ ቆሞ ሊታጠቅ ይችል ነበር» አለ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»